ኮፍያ በሁለት መርፌ፦ ከነደስታው ከነብስጭቱ

ሹራብ መሥራት ጀምረው ያቆሙ ሰዎችን ለምን ተዋችሁት ብትሏቸው «እጄ አይታዘዝልኝም» ይላሉ። እኔ ይህን ሰበብ ብዙም አላምነውም። እጅ በጥቂት ቀን ይለምዳል። ሰውን የሚያስመርረው ሌላ ነው። ስንት ምሽት የተለፋበት ኮፍያ አልቆ ሲሞከር አልገባ ይላል፣ ወይም ዓይን ድረስ ይወርዳል። አንዲት ቀለበት ሳትታይ ታመልጥና እስከ ታች ትተረተራለች። መርፌው ላይ 94 የነበረው ቁጥር ሳይታወቅ 91 ሆኖ ይገኛል። ይህ ሁሉ የእጅ ቅልጥፍና ጉዳይ አይደለም። የመለካትና የመቁጠር ጉዳይ ነው።

ስለዚህ እዚህ ስለ አሠራሩ ባጭሩ፣ ስለ ልኬትና ስለ ብልሽት ግን በሰፊው ነው የማወራው። የምንሠራው አንድ የአዋቂ ኮፍያ ነው። ለጀማሪ የአንገት ሻርፕ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ሻርፕ ማለቂያ የለውም፣ ያሰለቻል። ልክ ባይሆንም ማንም አያውቅበትም፣ ስለዚህ መለካትን አያስተምርም። ኮፍያ ቶሎ ያልቃል፤ ልክ ካልሆነ ደግሞ ወዲያው ይናገራል።

ለምን ኪሮሽ አልሆነም? ኪሮሽ እወዳለሁ። አንድ መንጠቆ ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ በአብዛኛው ሥራው መንጠቆው ላይ በአንድ ጊዜ የሚቀረው አንድ ቀለበት ስለሆነ ቢያመልጥም ጉዳቱ ትንሽ ነው። ግን ክር ይበላል፣ ጨርቁም ወፈር ይላል፣ እንደ ልብ አይለጠጥም። ለዳንቴል፣ ለቦርሳ፣ ለአሻንጉሊት ኪሮሽን የሚያህል የለም። ራስ ላይ ልጥፍ ለሚል ነገር ግን ሁለት መርፌ ይሻላል። ኪሮሽ የምትመርጡ ከሆነ አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፦ አሜሪካኖች ነጠላ የሚሉትን አሠራር እንግሊዞች ድርብ ይሉታል። መመሪያው የየትኛው እንደሆነ ሳታዩ አትጀምሩ።

1. ክርና መርፌ

ሱፍ ወይም ሱፍ የተቀላቀለበት ክር ምረጡ። ውፍረቱ መካከለኛ ይሁን፤ 100 ግራሙ 200 ሜትር ገደማ የሚሆን። ቀለሙ ፈካ ያለ፣ ክሩ ለስላሳና ጸጉር የሌለው ይሁን። ጥቁር ክር ላይ የምትሠሩትን አታዩም። ጸጉራሙ ክር ሲያዩት ልብ ይሰርቃል፣ ሲፈቱት ግን እርስ በርሱ ተያይዞ እምቢ ይላል። ጥጥ ስለማይለጠጥ ለጀማሪ እጅ ይከብዳል፤ ያልተስተካከለውን ሁሉ ያጋልጣል። ሱፍ ግን ብዙ ጥፋት ይሸፍናል። አክሪሊክ ለልምምድ ጥሩ ነው፣ ጠላቱ ካውያ ነው። ሙቀት አንዴ ካቀለጠውና ልሙጥ ካለ በኋላ አይመለስም።

ልቃቂቱ ላይ የተጠቀለለችውን ወረቀት አትጣሏት። ክብደቱ፣ ርዝመቱ፣ የሚስማማው መርፌ፣ የአስተጣጠቡ ምልክት እዚያ ላይ አለ። ደግሞ የቀለም ነክር ቁጥር የሚባል አለ፤ አብረው የተነከሩ ልቃቂቶች የሚጋሩት ቁጥር ነው። ለትልቅ ሥራ ብዙ ልቃቂት ስትገዙ ይህ ቁጥር አንድ ዓይነት ይሁን። የቀለሙ ስም አንድ ሆኖ ነክሩ ከተለያየ ሱቅ ውስጥ የማይታየው ልዩነት ፀሐይ ላይ ፍጥጥ ይላል።

መርፌው 5 ሚሊሜትር ይሁን። በሚሊሜትር ምረጡ፣ በቁጥር አይደለም፤ የአሜሪካ 8 ቁጥር 5 ሚሊሜትር ሲሆን የድሮው የእንግሊዝ 8 ቁጥር ግን 4 ሚሊሜትር ነው። የእንጨት ወይም የቀርከሃ መርፌ ከብረቱ ይሻላል፣ አያንሸራትትም። ከዚህ ሌላ ጫፉ ደነዝ የሆነ ዓይነ ሰፊ የስፌት መርፌ፣ መቀስ፣ ሜትር፣ ጥቂት መርፌ ቁልፍ፣ ለአደጋ ጊዜ ደግሞ አንድ የኪሮሽ መንጠቆ ያዙ።

ክሩ ገና ከመጀመሪያው ቢጠላለፍባችሁስ? መጎተት ክልክል ነው። ሲጎተት የላላው ሁሉ ይጠብቃል። ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፣ በጣት ወደ ውጭ ወደ ውጭ እያላላችሁ አስፉት፣ ከዚያ ውሉን ፈልጉ። ውሉ ከተገኘ በኋላ በሰፉት ክፍተቶች እያሾለካችሁ የወጣውን ያህል ጠቅልሉ። ትዕግሥት ሲያልቅ መቀስ ማንሳትም ነውር አይደለም። አንድ ቦታ ተቆርጦ የሚቀጠል ክር ከሁለት ሰዓት ንዴት ይሻላል።

2. ዓይን ማስገባት

መርፌው ላይ የምትቀመጠውን እያንዳንዷን ቀለበት ዓይን እላታለሁ። ለናሙናው 26 ዓይን እናስገባለን።

ከክሩ ጫፍ ወደ 80 ሳንቲሜትር ተዉ። እዚያ ላይ ሸምቀቆ ሠርታችሁ መርፌው ላይ አጥልቁ፤ መርፌው በቀኝ እጅ ነው። አሁን ሁለት ክር ተንጠልጥሏል። ጫፉን በግራ አውራ ጣት ላይ፣ ከልቃቂቱ የሚመጣውን በሌባ ጣት ላይ አሳልፉ፤ የቀሩት ሦስት ጣቶች ሁለቱንም መዳፍ ውስጥ ይያዙ። የመርፌውን ጫፍ በአውራ ጣት በውጭ በኩል ካለው ክር ሥር ወደ ላይ አስገቡ። ከዚያ የሌባ ጣቱን ክር ከላይ ያዙና በአውራ ጣቱ ቀለበት መሀል መልሳችሁ አውጡት። አውራ ጣትን ልቀቁ፣ ቀስ ብላችሁ ሳብ አድርጉ። አንድ ዓይን ሆነ።

ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ያጠብቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሁለቱን መርፌ አንድ ላይ ይዛችሁ አስገቡ፤ ስትጨርሱ አንዱን ምዘዙት። ይህ ያልተደረገበት ኮፍያ ግንባር ላይ መስመር ይተዋል።

3. ሁለቱ አሠራሮች

የፊት ዓይን፦ ዓይን ያለበት መርፌ በግራ እጅ፣ ክሩ ከኋላ ይሁን። የቀኝ መርፌውን ጫፍ በመጀመሪያዋ ዓይን ውስጥ ከፊት ወደ ኋላ አስገቡ። ክሩን ከሥር በኩል ጫፉ ላይ አዙሩ። በዚያችው ዓይን መሀል ወደ ፊት አውጡት፤ አሮጌዋን ዓይን ከግራ መርፌው ላይ ጣሏት።

የጀርባ ዓይን፦ ክሩን ወደ ፊት አምጡ። ጫፉን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከኋላ ወደ ፊት አስገቡ። ክሩን ከላይ ወደ ታች ጠምጥሙ፣ ወደ ኋላ ግፉት፣ አሮጌዋን ጣሉ።

ከዚህ ሌላ አሠራር የለም ብል ብዙ አልዋሸሁም። የተቀረው ሁሉ የእነዚህ ቅልቅል ነው። ክሩን በግራ እጅ መያዝ ይሻላል ወይስ በቀኝ የሚለው ክርክር ዘላለማዊ ነው፤ ሁለቱም ልክ ነው፣ ያልደከማችሁበትን ያዙ።

በእጅ ከመልመዱ ይልቅ በዓይን መለየቱ ይበልጣል። ከመርፌው ሥር እዩ። የፊት ዓይን የቪ ቅርጽ አላት። የጀርባ ዓይን አንገቷ ላይ አግድም የተጠመጠመ ጉብታ አላት። ይህን ካወቃችሁ ስልክ ቢደወል፣ ሰው ቢመጣ፣ ከሳምንት በኋላ ብትመለሱ እንኳ የት እንደቆማችሁ ሥራው ራሱ ይነግራችኋል።

4. ናሙና

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

በ26ቱ ዓይን ቁራሽ ጨርቅ ሥሩ። በአንዱ ገጽ ሁሉንም የፊት ዓይን፣ ስታዞሩ ሁሉንም የጀርባ ዓይን። በዳርና ዳር ያሉትን ሦስት ሦስት ዓይኖች ግን በሁለቱም ገጽ የፊት ዓይን አድርጓቸው፤ እንዲህ ካልሆነ ዳሩ ይጠቀለላል። (መጠቀለሉ የእናንተ ጥፋት አይደለም፣ የጨርቁ ጠባይ ነው።) 13 ወይም 14 ሳንቲሜትር ሲሞላ ዝጉት፤ ማለትም ሁለት ዓይን ሥሩ፣ የመጀመሪያዋን በሁለተኛዋ ላይ አሳልፋችሁ ጣሉ፣ አንድ ጨምሩ፣ እንደገና አሳልፉ። ከዚያ እጠቡት፣ ሳትወጥሩ አድርቁት። ሱፍ ውሃ ሲነካው መጠኑ ሊለወጥ ስለሚችል ሳይታጠብ የተለካ ናሙና ያታልላል።

ሲደርቅ መሀሉ ላይ 10 ሳንቲሜትር ለኩና በውስጡ ያሉትን ዓይኖች ቁጠሩ። ግማሽ ዓይንም ትቆጠራለች። 18 ሆነ እንበል። በአንድ ሳንቲሜትር 1.8 ዓይን ማለት ነው።

አሁን ራሳችሁን ከግንባር በላይ ዙሪያውን ለኩ። 56 ሳንቲሜትር ቢሆን 5 ሳንቲሜትር ቀንሱ፤ ኮፍያ ተለጥጦ ነው የሚይዘው። 51 ሲባዛ በ1.8፣ 91.8። ለሚለጠጠው የታች ጠርዝ ለ4 የሚካፈል ቁጥር ስለሚያስፈልግ 92። ለጎን ስፌቱ ሁለት ጨምሩ፣ 94።

ናሙናችሁ 20 ቢሆን 102 ይመጣል፤ 104 ውሰዱና በሁለቱ 106። 16 ቢሆን 81.6፤ ስለዚህ 80 ውሰዱ፣ በስፌቱ 82። ጨርቁ ጠንክሮ እንደ ምንጣፍ ከሆነባችሁ መርፌውን በግማሽ ሚሊሜትር አሳድጉ፤ ከሳሳና ጣት የሚያሳይ ከሆነ አሳንሱ። ከዚያ ሌላ ናሙና። አዎ፣ ሌላ።

ይህ ሁሉ ለሁለት ዓይን ብላችሁ ካሰባችሁ ሹራብ ላይ እንየው። መመሪያው በ10 ሳንቲሜትር 20 ዓይን ብሎ ለ1 ሜትር ደረት 200 ዓይን አዘዘ። የእናንተ እጅ ጠብቆ 22 ከሆነ 200 ዓይን 91 ሳንቲሜትር ብቻ ነው የሚሆነው። 9 ሳንቲሜትር ጠፋ። ያንን ሹራብ የሚለብሰው ሌላ ሰው ነው።

5. ጠርዙና አካሉ

2 ሜትር ያህል ጫፍ ትታችሁ 94 ዓይን አስገቡ። በየ20 ዓይኑ ሌላ ቀለም ያለው ትንሽ ክር ብታጠልቁበት ቆጠራው ይቀላል።

የመጀመሪያው ረድፍ 2 የፊት፣ 2 የጀርባ፣ እንዲህ እያላችሁ ቀጥሉ፤ በ2 የፊት ያልቃል። ስታዞሩ በ2 የጀርባ ትጀምራላችሁ፣ በ2 የጀርባ ትጨርሳላችሁ። ከፊት ወደ ጀርባ ስትቀይሩ ክሩ በሁለቱ መርፌዎች መሀል ወደ ፊት ይምጣ፣ ስትመለሱ ወደ ኋላ ይሂድ። ከመርፌው በላይ ካለፈ ያልተጠራች ዓይን ትጨመራለች። ጠርዙ 5 ሳንቲሜትር ሲሆን ወደ ተራው አሠራር ግቡ፦ በፊት ለፊቱ ገጽ ሁሉም የፊት፣ በጀርባው ሁሉም የጀርባ። ከታች ጀምሮ 18 ሳንቲሜትር እስኪሞላ ቀጥሉ፤ የመጨረሻው ረድፍ የጀርባው ይሁን።

የዚህ ሥራ ደስታ ያለው እዚህ ነው። እጅ ራሱን ችሏል፣ አእምሮ ነጻ ነው። ወሬ እየሰሙ፣ ሰው እየጠበቁ፣ ምንም ሳያስቡ ይሠራል። ቶሎ ለመጨረስ አትቸኩሉ። እንግሊዛዊው ዊልያም ሊ ካልሲ የሚሠራ ማሽን የፈለሰፈው በ1589 ነው። በፍጥነት ከሆነ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ተሸንፈናል።

ትከሻ ከተነሳና መርፌው ከተጨበጠ ግን ደስታው ወደ ሕመም ይሄዳል። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሱ፣ እጃችሁን ዘርጉ፣ አንጓችሁን አሽከርክሩ። አንጓው እያመመ «ይቺን ረድፍ ብቻ» ማለት አያዋጣም።

በየአሥር ረድፉ ቁጠሩ። 94 ካልሆነ ወደ ቀጣዩ ክፍል ኑ።

6. ሲበላሽ

ዓይን ከበዛ መጀመሪያ የረድፉን ጫፍ እዩ። ሥራውን አዙራችሁ ስትጀምሩ ክሩን ወደ ላይ ከሳባችሁት የመጀመሪያዋ ዓይን ሁለት እግሯ ተነጥሎ ሁለት ዓይን ትመስላለች፤ ሁለቱንም ከሠራችኋቸው አንድ ጨመራችሁ። ያወቃችሁት ወዲያው ከሆነ ወደ ኋላ አንድ በአንድ መልሷት። ዘግይታችሁ ካወቃችሁና ቀዳዳ ካልተወች፣ ዳር ላይ ሁለቱን አንድ ላይ ሠርታችሁ እለፉት። ስፌቱ ይውጠዋል።

ዓይን ካነሰ አንዷ አምልጣለች። ሥራውን አትወጥሩት፣ አታራግፉት። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ያመለጠችውን ፈልጋችሁ መርፌ ቁልፍ አስገቡባት። ከዚህ በኋላ የትም አትሄድም፤ ሻይ ጠጥታችሁ መመለስ ትችላላችሁ።

አሁን የቪው ገጽ ወደ እናንተ ይሁን። ከያዛችኋት ዓይን በላይ እንደ መሰላል የተደረደሩ አግድም ክሮች ታያላችሁ። እያንዳንዱ አንድ ያመለጠ ረድፍ ነው። መንጠቆውን ከፊት ወደ ኋላ ዓይኗ ውስጥ አስገቡ። ወዲያው በላይዋ ያለውን የመጀመሪያውን አግድም ክር ያዙና በዓይኗ መሀል ሳቡት። አንድ ረድፍ ወጣች። ቀጣዩን ያዙ፣ ሳቡ። አንዱን ዘልላችሁ ሁለተኛውን እንዳትይዙ ብቻ ተጠንቀቁ፤ የተዘለለው ከኋላ ላልቶ ይቀራል። ላይ ስትደርሱ ዓይኗን በግራ መርፌ ላይ አስቀምጧት፣ የቀኝ እግሯ ከመርፌው ፊት ለፊት ይሁን፤ ያለበለዚያ ትጠመዘዛለች። ይህን አንዴ የሠራ ሰው ሹራብ አይፈራም።

ከብዙ ረድፍ በታች አንዲት የተሳሳተች ጉብታ ካያችሁም ሁሉንም መፍታት የለባችሁም። በትይዩዋ ያለችውን አንዷን ዓይን ብቻ ሆን ብላችሁ ጣሏት፣ እስከ ስህተቱ ትተርተር፣ በመንጠቆ መልሳችሁ አውጧት።

ልኩ ራሱ ከተበላሸ ግን መፍታት ነው። እያመነታችሁ አሥር ረድፍ መጨመር የሚፈታውን ማብዛት ብቻ ነው። መርፌውን ምዘዙ፣ ከስህተቱ አንድ ረድፍ በላይ እስኪቀር ተርትሩ፣ የመጨረሻዋን ረድፍ ግን ዓይን በዓይን እየፈታችሁ መርፌው ላይ ሰብስቡ። የሚያስፈራ ቦታ ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ ቀጭን ልሙጥ ክር በስፌት መርፌ በሁሉም ዓይኖች ውስጥ አሳልፋችሁ ተዉት። ቢፈታም ከዚያ አያልፍም።

የተፈታ ክር ይጨማደዳል። አጥባችሁ ብትሰቅሉት ይቃናል። ጨርቅ ሰፊ አንዴ በመቀስ ከሳተ አለቀለት፤ እኛ ግን ክሩ ይመለስልናል። አንድ ምክር ብቻ፦ ደክሟችሁ በሌሊት አትጠግኑ። መርፌ ቁልፉን አድርጋችሁ ተኙ።

7. አናቱ

በፊት ገጽ፦ 1 የፊት ዓይን፣ ከዚያ ሁለት ሁለቱን እንደ አንድ ዓይን በአንድ ላይ 46 ጊዜ፣ መጨረሻ 1 የፊት። 48 ቀረ። በጀርባው ሳትቀንሱ ተመለሱ። ቀጥሎ ሁለት ሁለቱን 24 ጊዜ፣ 24 ቀረ። ተመለሱ። እንደገና ሁለት ሁለቱን፣ 12 ቀረ። ሌላ ቁጥር ይዛችሁ ከሆነ አሠራሩ ያው ነው፤ ጥንድ ያጣችዋን ዓይን ብቻዋን ሥሯት።

ክሩን ወደ 50 ሳንቲሜትር ትታችሁ ቁረጡ። በደነዙ መርፌ በ12ቱ ዓይኖች ውስጥ ሁለት ጊዜ አሳልፉ፣ ጥብቅ አድርጋችሁ ሳቡ። በቀረው ክር ጎኑን ስፉ። ሁለቱን ዳር ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ በአንደኛዋና በሁለተኛዋ ዓይን መካከል ያለውን አግድም ክር አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ እየወጋችሁ ውረዱ። በየጥቂቱ ስትስቡት ሁለቱ ዳሮች ወደ ውስጥ ገብተው ስፌቱ ይጠፋል። አይቸኮልበት፤ ጥሩ ኮፍያን ከመናኛው የሚለየው ይኸው ስፌት ነው።

የተንጠለጠሉትን ጫፎች አትቋጥሩ። ቋጠሮ ራስ ላይ ይሰማል፣ ይፈታልም። በጀርባ በኩል 5 ሳንቲሜትር ያህል አሾልኩ፣ አቅጣጫ ቀይራችሁ መልሱ፣ ከዚያ ቁረጡ።

8. እጥበት

ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና 20 ደቂቃ ዘፍዝፉ። አትሹት፣ አትጭመቁት። በፎጣ ጠቅልላችሁ ውሃውን በመጫን አውጡ፤ ራስ በሚያህል ጎድጓዳ ሳህን ላይ ደፍታችሁ አድርቁ። ያልተስተካከሉት ዓይኖች በአብዛኛው እዚህ ላይ ይስተካከላሉ፤ ስለ እነሱ አስቀድሞ መናደድ ትርፉ ድካም ነው።

ኮፍያው ለሰው የሚሰጥ ከሆነ የክሩን ወረቀት አብራችሁ ስጡ፣ በአፍም ንገሩ። ማሽን የማይችለው ሱፍ በሙቅ ውሃ እየተሸ ከታጠበ ተኮማትሮ ይወፍርና አይመለስም። ለአዋቂ የሰጣችሁት ኮፍያ ለአሻንጉሊት ይሆናል፤ ተቀባዩም አፍሮ አይነግራችሁም።